የሚገማው በግ

ባለፈው ጥቅምት፣ እሑድ ጠዋት፣ ከእናቴ ጋር በስልክ እያወራሁ መጋረጃው ላይ አንዲት ቡናማ ነገር ስትድህ አየሁና «ይቺ ስቲንክ በግ ደግሞ ገባች» አልኩ። ለራሴ ነበር ያልኩት፤ እናቴ ግን ሰማች።

«ምን በግ?»

«በግ አይደለም እማዬ፤ እዚህ አገር ስቲንክ በግ የሚሏት ነፍሳት ናት። ሲነኳት ትገማለች።»

«ሞቶ ነው የሚገማው?»

«በግ አይደለም እኮ እያልኩሽ ነው።»

«አንተው ነህ በግ ያልከው!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አፓርታማ ውስጥ በግ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። bug የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በእኛ ፊደል ሲጻፍ «በግ» ከመሆን ሌላ ዕድል የለውም። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ፣ ተራው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከጉንዳን እስከ ጥንዚዛ የሚርመሰመሰውን ሁሉ በዚህ ቃል ሲጠራ፣ የነፍሳት አጥኚዎች ግን ቃሉን ለአንድ ወገን ብቻ አስቀርተውታል። እነዚያን ብቻ «ትሩ በግ» ይሏቸዋል። እውነተኛ በግ ማለት ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አገር ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ዋሽንግተን መሃል መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። በሥራዬ ረጅም ጸጥታ አለ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ የሚገባም የሚወጣም መኪና ጥቂት ነው። ስለ መጋረጃዬ እንግዳ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ጸጥታ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላቆምኩም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስቀይር ራሴን እንዳላሳስት ብዬ ነው።)

አማርኛችን ለዚህ ወገን የጋራ ስም የለውም። አንዱን አባል ብቻ አሳምሮ ይጠራዋል፦ ትኋን። በእኔ ዕድሜ ትኋን የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ቅዳሜ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ የአልጋው መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ በስንጥቁ ነጭ ጋዝ በዶሮ ላባ ይቀባል። በሁለት ሳምንቱ ትኋኑ ተመልሷል። ስለዚህ ሌላ ቃል እስኪገኝ «የትኋን ወገን» እያልኩ እቀጥላለሁ። ስሙ ቢያስከፋም ከበግ ይሻላል።

ወገኑ ሰፊ ነው። ሄትሮፕቴራ የሚባለው ዋናው ክፍል ብቻ ስም የወጣላቸው ከ40,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ኩሬ ላይ እንደ ወለል የሚራመዱ አሉ፤ ውሃ ውስጥ አድፍጠው ትንንሽ ዓሣ የሚይዙ አሉ፤ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጡ፣ ሌላ ነፍሳት ወግተው የሚጠጡ፣ የሰው ደም የሚፈልጉ አሉ። ሃሎባቴስ የሚባሉት ደግሞ ከየብስ ርቀው በተንጣለለው ውቅያኖስ ላይ ይኖራሉ፤ ከነፍሳት ሁሉ ይህን የቻለ ሌላ የለም። ጎመንና ባቄላ ላይ የምናውቀው ክሽክሽ እንኳ የሩቅ ዘመዳቸው ነው።

የሚያዛምዳቸው አፋቸው ነው። መንጋጋ የላቸውም፤ አያኝኩም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ይጠጣሉ። ከአገጫቸው ሥር የታጠፈ ኩምቢ አላቸው፤ በኩምቢው ውስጥ አራት ቀጫጭን መርፌዎች ተጣብቀው ሁለት ቧንቧ ይሠራሉ። በአንዱ ምራቅ ይወርዳል፣ በሌላው ምግብ ይወጣል። ክንፋቸው በትከሻው በኩል እንደ ቆዳ የጠነከረ፣ በጫፉ በኩል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ሊኔየስ በ1758 «ሄሚፕቴራ»፣ ግማሽ ክንፍ፣ ያላቸው ለዚህ ነው። ጥንዚዛ ሌላ ናት። የጥንዚዛ ጀርባ መሃል ለመሃል በቀጥታ መስመር ይከፈላል፤ አፏም ያኝካል። ልዩነቱን ለማወቅ ነፍሳቱን ገልብጦ አገጩን ማየት ይበቃል። አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

እኔ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር አንድም ቀን አልገለበጥኩም።

ምሥራቅ ጎጃም ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በክብሪት ቀፎ ሦስት ነፍሳት ይዞ ወደ መምህራን ማረፊያ መጣ። የምስር ፍሬ ያህላሉ። ጥቁር ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ብርቱካንማና ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ሴት ልጅ ጆሮ ላይ ቢያንጠለጥሏቸው የሚያምሩ። «ቲቸር፣ የእናቴን ጎመን እያደረቁት ነው። ምን ይባላሉ?» አለኝ። ቀፎውን ተቀበልኩ፣ አየሁ፣ መለስኩለት። «ጥንዚዛ ናቸው።» ልጁ ቀፎውን ዘጋና ቆመ። ሊሄድ አልፈለገም። «ባለፈው ያመጣሁትንም ጥንዚዛ ብለውኝ ነበር» አለ። ደወሉ ተደወለ፤ ገላገለኝ።

ከዓመታት በኋላ እዚያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጬ፣ በ2008 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ስለተገኘ አንድ የጎመን ጠላት አነበብኩ። ባግራዳ ይባላል። የትውልድ አገሩ አፍሪካና ህንድ ነው፤ የካሊፎርኒያን የጎመንና የብሮኮሊ ገበሬ አስለቅሶታል። ፎቶው ጥቁር፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ። ከትዝታ ተነስቶ ዝርያ መለየት አይቻልም፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ወገናቸው ግን አሁን አያጠራጥረኝም። ጥንዚዛ አልነበሩም። የልጁን ስም ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ወደ መጋረጃዬ ልመለስ።

አለንታውን የምትባል የፔንስልቬኒያ ከተማ አለች፤ ከእኛ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የከተማዋ ሰዎች ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ቤታቸው የሚገባ ቡናማ፣ ጋሻ የሚመስል ነፍሳት ማየት ጀመሩ። ማንም ብዙ አልገረመውም፤ አገሩ የራሱ ቡናማ ስቲንክ በጎች ስላሉት እንዲያው ከእነሱ አንዱ መሰላቸው። በ1998 የተያዘ ናሙና ሳይቀር ነበር። በመጨረሻ በ2001 የአካባቢው የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ካረን በርንሃርድ ናሙና ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ላኩ። እዚያ ሪክ ሆቤኪ አዩት። አንቴናው ላይ ነጫጭ ቀለበቶች አሉ። የአሜሪካ አይደለም። ሃልዮሞርፋ ሃሊስ ነው፦ የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ሰው።

አምስት ዓመት ያህል፣ ስሟን የሚያውቅ ሰው ዓይን እስክትገባ ድረስ፣ የአገሬው ተወላጅ መስላ ኖረች ማለት ነው። (ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ወገኔ እዚህ ላይ ሳይቀና አይቀርም።) በኋላ በዘር ምርመራ የመጀመሪያዎቹ ከቤጂንግ አካባቢ እንደመጡ ታውቋል። በ2010 በእኛ አካባቢ ክፍላተ ሀገር የፖም ገበሬዎች ብቻ 37 ሚሊዮን ዶላር ከሰሩ። ኩምቢዋ ፖሙን ይወጋል፤ ምራቋ የወረደበት ሥጋ እንደ ቡሽ ይሆናል፤ ላዩ ይጎደጉዳል፤ ገበያ አይወጣም።

በዚያው ሰሞን እዚሁ ሜሪላንድ አንድ የዱር እንስሳት ሳይንቲስት ቤታቸውን ወረረቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን መርጨት ይጀምር ነበር። እሳቸው መቁጠር ጀመሩ። ከጥር እስከ ሰኔ 2011፣ ስድስት ወር፣ በየቀኑ እየለቀሙ ቆጠሩ። 26,205 ደረሰ። ይህን ቁጥር በሳይንስ መጽሔት አሳተሙት። እኔ በዚህ ሰው ስቄ አላቆምም ነበር፤ ሁለተኛ ሳነበው ግን ቅናት ያዘኝ። ቤቱ በተወረረ ጊዜ «ስንት ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ዓይነት አስተዳደግ ይኖረው ይሆን?

ስለ ሽታውም ልናገር። ያን ቀን ሶፍት ይዤ መጋረጃው ላይ ስጠጋት ለቀቀችው። ግማት ይሉታል እንጂ እኔን ያስታወሰኝ የሐበሻ መደብር ጥግ ላይ በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠውን አረንጓዴ የድንብላል ቅጠል ነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ነበር። አልተሳሳትኩም፤ ስቲንክ በጓ ከምትረጨው ኬሚካል ውስጥ ዋናዎቹ አልዴሃይድ ከሚባሉት ሲሆኑ፣ ያው ቤተሰብ፣ አንዳንዱም ያው ቅመም፣ የድንብላል ቅጠል ውስጥ አለ። እኛ የምንወቅጠው የደረቀውን ፍሬ ስለሆነ ሽታው ሌላ ነው፤ ቅጠሉን የሚጠላ ሰው ግን ለምን እንደሚጠላ አሁን ገባኝ። ድንብላል በፈረንጆቹ የሚጠራበት ስም ራሱ ትኋን ከሚለው የግሪክ ቃል መጣ የሚሉ አሉ። የአልጋውን ትኋን በጣቱ ጨፍልቆ የሚያውቅ ሰው ነገሩን አይክድም። ሽታ ደግሞ ሁሉን አያባርርም፦ ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ከማሽላና ከሐብሐብ ላይ ከሚለቀሙ ሁለት የዚህ ወገን ነፍሳት ዘይት ጨምቀው ይገለገሉበታል።

አሁን ስለ ሰዎቹ።

የዚህ ወገን አጥኚዎች ሄትሮፕቴሪስት ይባላሉ። ዓለም አቀፍ ማኅበር አላቸው፤ በየአራት ዓመቱ ይሰበሰባሉ፤ ኦሎምፒክ በሉት። በ2010 ቻይና፣ ቲያንጂን ተገናኙ። በ2014 የተገናኙት ደግሞ ዋሽንግተን ነው። ሐምሌ ላይ። የቢራቢሮ መረብ የሚያህል ቦርሳ የተሸከመ ሰው መኪናውን እኔ ጋ አቁሞ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ደረሰኝ ሰጥቼው «መልካም ቀን» ብዬው ይሆናል።

ሥራቸው በአብዛኛው እንዲህ ነው። አንዱ አንድ ቤተሰብ ይመርጣል፤ ዕድሜውን እዚያ ላይ ይጨርሳል። ኒውዮርክ በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሠሩት ራንዳል ሹ ለምሳሌ ሚሪዴ የሚባሉትን ያዙ፤ እነዚህ ጥቃቅን የቅጠል ነፍሳት ስም የወጣላቸው ብቻ ከ11,000 በላይ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ብራዚላዊው ካርቫልዮ የዚያኑ ቤተሰብ የዓለም ዝርዝር በ1950ዎቹ መጨረሻ አውጥተው ነበር። ሆላንዳዊው አውከማና ጀርመናዊው ሪገር ደግሞ ከአውሮፓ እስከ ጃፓንና ሰሜን አፍሪካ ያለውን ወገን በሙሉ በአምስት ቅጽ ዘረዘሩ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1995፣ አምስተኛው በ2006 ወጣ። ስድስተኛ ደግሞ በ2013 ጨመሩ፤ እስከዚያ የተገኘው አዲስ ነገር አላስተኛቸውም። እነዚህ መጻሕፍት ታሪክ የላቸውም። ስም፣ ዓመት፣ የት ተገኘ። ስም፣ ዓመት፣ የት ተገኘ። የትውልድ ሐረግ ቆጥረው ሰባት ቤት የሚደርሱ የአገሬ ሽማግሌዎች ቢያገኟቸው በአንድ ጀምበር ወዳጅ ይሆኑ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ጨዋ ሰው ፊት አይወራም እንጂ። ብዙ ጊዜ ሁለት ዝርያዎች በመልክ አይለዩም፤ የሚለዩት በወንዱ ብልት ነው። ስለዚህ ሄትሮፕቴሪስቱ የወንዱን የኋላ ጫፍ ቆርጦ፣ በመድኃኒት ቀቅሎ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ ይስለዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለቤቴ ስነግራት «እና ይህ ሥራ ደመወዝ አለው?» አለችኝ። አንዳንዴ አለው፤ አንዳንዴ የለውም።

የሜሪላንዱ ሃሮልድ ሃርላን የጦር ሠራዊት የነፍሳት ባለሙያ ነበሩ። በ1973 ኒው ጀርሲ፣ ፎርት ዲክስ ካምፕ ትኋን ገባ ተብለው ሲጠሩ ከዚያው ጥቂት ያዙና ብልቃጥ ውስጥ አስቀመጡ። ምን አበሏቸው? የገዛ ደማቸውን። የብልቃጡን አፍ በስስ ወንፊት ሸፍነው ክንዳቸው ላይ ይደፉታል፤ ትኋኖቹ በወንፊቱ ውስጥ ኩምቢያቸውን ሰደው ይጠጣሉ። እንዲህ ሆኖ አሥርታት ዓመታት አለፉ። በዚያ ጊዜ ትኋን ከአሜሪካ ጠፋ ተብሎ ስለነበር ሥራው ዕብደት ይመስል ነበር። ከ2000 ወዲህ ትኋን ተመለሰ፤ ያውም መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ። ያኔ ላቦራቶሪዎቹ የሚያወዳድሩበት መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ ትኋን ሲፈልጉ የሃርላን ብልቃጥ ብቻ ተገኘ ማለት ይቻላል። የእሳቸው ትኋን ዘሮች ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው አሉ። እናቴ ያንን ዘር ለማጥፋት ስንት ጀሪካን ውሃ እንዳፈላች ሳስብ ዝም እላለሁ።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የወረቀቱ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ከዛፍ ሥር በመንጋ የሚኖር፣ ቀይና ጥቁር፣ ፒሮኮሪስ የሚባል የዚህ ወገን ነፍሳት አለ። በ1964 ካሬል ስላማ የሚባል የቼክ ተመራማሪ ከፕራግ ይዞት ወደ ሃርቫርድ፣ ወደ ፕሮፌሰር ካሮል ዊሊያምስ ላቦራቶሪ መጣ። ይህ ነፍሳት ከእንቁላሉ ከወጣ በኋላ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይጥላል፤ በአምስተኛው ክንፍ አውጥቶ ይጎለምሳል። ፕራግ ውስጥ ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ሃርቫርድ ላይ ግን አምስተኛውን ቆዳ ሲጥል ያው ልጅ ሆኖ ይወጣል፤ አካሉ ግዙፍ፣ ክንፉ የለም። አንዳንዱ ስድስተኛ ይሞክራል። አንዱም ሳይጎለምስ ያልቃል። አንበጣ ዕድሜውን በሙሉ ኩብኩባ ሆኖ ሲቀር አስቡት።

ሰዎቹ በፕራግና በሃርቫርድ መካከል ያለውን ልዩነት አንድ በአንድ መልቀም ያዙ። ውሃው፣ ምግቡ፣ ብርሃኑ። በመጨረሻ የቀረው በየሳህኑ የሚነጠፈው የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ሆነ። ወረቀቱን አውጥተው የላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ሲያነጥፉ ሁሉም ጎለመሱ። ከዚያማ ጨዋታ ሆነ፦ በእጅ የገባ ወረቀት ሁሉ ተነጠፈ። በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ያደገ አይጎለምስም። በዎል ስትሪት ጆርናልም አይጎለምስም። በለንደኑ ታይምስ ላይ ያደገ ይጎለምሳል። ኔቸር በሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይም ይጎለምሳል። የአሜሪካ ወረቀት የሚሠራበት ባልሳም ፈር የሚባል የጥድ ዘመድ፣ የነፍሳቱን የልጅነት ሆርሞን የሚመስል ነገር በውስጡ አለው። ዛፉ ጠላቱን የሚከላከለው ልጅ አድርጎ በማስቀረት ነው ብለው ገመቱ።

በ1966 ያንን ነገር ከዛፉ አንጥሮ ምንነቱን የለየው ቡድን ውስጥ ዋናው ዊሊያም ባወርስ ነበር፤ የሚሠራውም ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ጣቢያ። ቤልትስቪል ከቤቴ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። ወደ ላውሬል ስሄድ አጥሩን አልፈዋለሁ፤ ለዓመታት የላም በረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የልጅነት ሆርሞን መኖሩ ራሱ የታወቀው በዚሁ ወገን ላይ ነው። በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ ሮድኒየስ የሚባለውን የደቡብ አሜሪካ ደም መጣጭ አንገቱን እየቆረጠ አጠና፤ ራስ የሌለው ነፍሳት ለወራት ይኖራል፤ ሁለቱን አገናኝተህ ብታጣብቃቸው የአንዱ ደም ሌላውን ያጎለምሰዋል ወይም በልጅነት ያስቀረዋል። የዚያ የወረቀቱ ቀይ ነፍሳትም ሌላ ታሪክ አለው። በ1891 ጀርመናዊው ሄርማን ሄንኪንግ የወንዱን የዘር ሕዋስ ሲያይ፣ ሕዋሱ ሲከፈል ወደ አንደኛው ወገን ብቻ የሚሄድ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ምን እንደሆነ ስላላወቀ «ኤክስ» ብሎ ምልክት አደረገበት። ኤክስ ክሮሞዞም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በ1905 ኤድመንድ ዊልሰን የክሮሞዞሙንና የጾታን ግንኙነት ሲያሳይም የተጠቀመው የዚሁ ወገን ነፍሳትን ነው። እኔ በየዓመቱ ለአራት ክፍል ኤክስና ዋይ በጠመኔ እየሳልኩ አስተማርኩ። ከማን እንደመጣ አልነገርኳቸውም፤ አላውቅማ።

ቤልትስቪል ሌላም ነገር አላት። ሃልዮሞርፋ፣ ያቺ የመጋረጃዬ ስቲንክ በግ፣ በአገሯ ጠላት አላት፤ ሳሙራይ ተርብ የሚሏት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር የምትሆን፣ ሰው የማትነድፍ ተርብ። ስቲንክ በጓ ቅጠል ሥር 28 ያህል እንቁላል ደርድራ ትለጥፋለች፤ ተርቧ በየእንቁላሉ ውስጥ የራሷን ትጥላለች፤ ከስቲንክ በግ ፋንታ ተርብ ይፈለፈላል። አሜሪካኖቹ ይህችን ተርብ አስመጥተው በተዘጋ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያጠኗት ነበር፤ የአገሩን ሌላ ነፍሳት እንዳትጎዳ ፈርተው አልለቀቋትም። ፈቃዱ ሲጠበቅ፣ ወረቀቱ ሲገላበጥ፣ በ2014 ቤልትስቪል ሜዳ ላይ ተገኘች። ከተዘጋው ቤት ያመለጠች እንዳይመስላችሁ፤ ዘሯ ሲመረመር ከላቦራቶሪዎቹ ጋር አይገጥምም። በራሷ መንገድ መጥታ ነው። ባለቤቷን ተከትላ የመጣች ብል ይቀላል፤ ያለ ቪዛ፣ ያለ ስፖንሰር። እዚህም ላይ ግን ተርብ መሆኗን ሳይሆን የትኛዋ ተርብ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ያቺ የነጥብ ያህል ነገር ማንም ሳያያት ታልፍ ነበር።

አገር ቤትም ይህ ጉዳይ የቅንጦት አይደለም። ቡናችን ላይ አንቴስቲያ የሚባል የዚህ ወገን ነፍሳት አለ፤ ለጋውን ፍሬ ይወጋል፤ በወጋበት በኩል እርሾ ይገባል፤ ፍሬው ይጠቁራል ወይም ይረግፋል። ሩዋንዳና ቡሩንዲ ውስጥ ስኒው ጥሬ ድንች የሚሸትበት ችግር ከዚሁ ነፍሳት ጋር ይያያዛል፤ ጅማ ምርምር ማዕከል ያሉ ባለሙያዎቻችንም የእኛውን ዝርያ አጥንተውታል። እኔ ጎጃሜ ነኝና ስለ ቡና ከስኒው ወዲያ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ከአፍሪካ የተለቀሙ የዚህ ወገን ነፍሳት የመጀመሪያ ናሙናዎች፣ ስሙ የወጣባቸው እነዚያ ራሳቸው፣ አብዛኞቹ በአውሮፓ ሙዚየሞች መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ስዊድናዊው ካርል ስቶል ከ1864 እስከ 1866 የአፍሪካን ወገን በአራት ቅጽ ጽፎ ጨርሷል። የአድዋ ጦርነት ሠላሳ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እኛ ገና ዛሬም ጥንዚዛ ነው የምንለው።

ባለፈው ወር ሰኞ ዕለት ወደ ስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄድኩ። መግቢያው ነጻ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሕይወት ያሉ ነፍሳት የሚታዩበት ክፍል አለ፤ ልጆች ይጮሁበታል። የነፍሳት ክምችቱ ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ግን ለጎብኚ አይታይም። የግብርና ሚኒስቴሩ ስም ለዪዎችም የሚሠሩት እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው። «ለሠራተኛ ብቻ» የሚል በር ፊት ትንሽ ቆምኩ። ዘበኛው በአማርኛ «ወንድሜ፣ ምን ጠፋህ?» አለኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ትኋን ፈልጌ ነው ብዬ ብነግረው ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ ሽንት ቤቱ የት ነው ብዬ ጠየቅሁት።

ስለ ናሙና አያያዝ ያነበብኩት ቀላል ነው። ነፍሳቱን በረዶ ቤት አስገብተህ ትገድለዋለህ። በትከሻው በቀኝ በኩል ስፒል ትወጋበታለህ። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት፦ የት፣ መቼ፣ ማን ያዘው። ወረቀቱ ከሌለ ናሙናው ምንም አይደለም፤ ስሙ ግን ቢቀር ግድ የለም፤ ስሙን ሌላ ሰው፣ ሌላ ጊዜ፣ ምናልባት ከመቶ ዓመት በኋላ ይሞላዋል።

ያችን የመጋረጃዋን በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ያዝኳት። ገልብጬ አየኋት፤ ኩምቢዋ ከአገጯ ሥር ታጥፎ ተኝቷል። አንቴናዋ ላይ ነጩ ቀለበት አለ። ብልቃጡን ፍሪዘር ውስጥ፣ ከእናቴ የመጣው በርበሬ አጠገብ አስቀመጥኩና በወረቀት ጻፍኩ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃ ላይ፣ ጥቅምት።

ማታ ባለቤቴ ለወጥ በርበሬ ልታወጣ ፍሪዘሩን ከፈተች።

«አንተ፣ ይሄ ብልቃጥ ምንድን ነው?»

«በግ ነው» አልኳት።